የአሮጌዋ ሃይሉክስ ዲፈረንሻል ዘይት ሲያፈስ

እስቲ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። አንዲት አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክ አፕ ትንሽ አደባባይ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ዞረች እንበል። በውጭ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከውስጠኛው ምን ያህል ይበልጥ ይጓዛል? ከአንዱ የኋላ ጎማ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 1.4 ሜትር ገደማ ነው። እሱን በ2፣ ከዚያ በ3.14 አባዙት፤ 8.8 ሜትር ይመጣል። አሁን ደግሞ አሥር እጥፍ የሚሰፋ አደባባይ ትዙር። ልዩነቱ ያው 8.8 ሜትር ነው! አደባባዩ ጠበበም ሰፋም ልዩነቱን የሚወስነው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ብቻ ነው። እኔን ይህ ነገር ዛሬም ይገርመኛል፤ ወረቀት አውጥታችሁ ብትሞክሩት እናንተንም ይገርማችኋል።

ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ወጥ ብረት ቢያያዙ ኖሮ አንደኛው ያንን 8.8 ሜትር አስፋልቱን እየፋቀ መጨረስ ነበረበት። ጎማ ይበላል፣ አክስል ይጨነቃል፣ መኪናዋም አልታጠፍ ትላለች። ከፒክ አፑ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ከኋላ አክስሉ መሀል አብጦ የሚታየው ክብ ነገር ይህን ችግር የሚፈታው ዲፈረንሻል ነው። ኦኔሲፎር ፔኬር የተባለ ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1827 በእንፋሎት ለሚሄድ ጋሪ ብሎ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። የመጀመሪያዋ ሃይሉክስ ገበያ የወጣችው በ1968 ነው። በመሀሉ ወደ 140 ዓመት አለፈ፤ የአሠራሩ መሠረት ግን ያው ነው።

እዚህ የማወራችሁ በተለይ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ስለተሠሩት፣ ከኋላ ባሌስትራ ላይ ስለተቀመጡት፣ ዛሬም በየመንገዳችን ጭነት ተሸክመው ስለምናያቸው ሃይሉክሶች ነው። ባለቤቶቻቸው ሞተሩን ይንከባከባሉ፤ ዘይቱን በጊዜው ይቀይራሉ፤ ድምፁን ያዳምጣሉ። የኋላው ዲፈረንሻል ግን ዘይት አፍስሶ መሬቱን እስኪያጠቁር ድረስ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሲያፈስ ደግሞ ወዲያው ኦይል ሲል ይገዛል፣ ይቀየራል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ቦታ ተመልሶ ይረጥባል። ለምን? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ውስጡ ምን እንደሚካሄድ እንይ።

ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ የሚዘረጋው ረጅም ዘንግ፣ ፕሮፔለሩ፣ ፒኒየን የሚባለውን ትንሽ ጥርስ ያዞራል። ፒኒየኑ በተራው ክራውን የሚባለውን ትልቅ ባለጥርስ ቀለበት ይነዳል። ክራውኑ ጎማዎቹን በቀጥታ አያዞርም። እሱ የታሰረው ትናንሽ ጥርሶች በያዘ ቤት ላይ ነው፤ እነዚያ ትናንሽ ጥርሶች ደግሞ በግራና በቀኝ ከሁለቱ አክስሎች ጫፍ ጋር ይናከሳሉ። መንገዱ ቀጥ ያለ ሲሆን ትናንሾቹ ጥርሶች በራሳቸው ዛቢያ ላይ አይዞሩም፤ ቤቱ ሁሉንም እንደያዘ ይሽከረከራል። መታጠፊያ ሲመጣ ግን ሥራ ይጀምራሉ። ከውስጠኛው ጎማ ዙር ይቀንሱና ያንኑ ያህል ለውጨኛው ይጨምሩለታል። ማንም ሳያዛቸው፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ኮምፒዩተር!

በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። መኪናዋን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፣ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም አጥብቃችሁ ታኮ አድርጉ፣ ከዚያ ኋላዋን በክሪክ አንስታችሁ አክስሉን በግራና በቀኝ ጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳርፉ። ታኮው የግድ ነው። የሃይሉክስ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ እነሱ አየር ላይ ከተነሡ የእጅ ፍሬኑ መኪናዋን አይዛትም። አሁን ሞተሩ እንደጠፋ ማርሽ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁና አንዱን ጎማ በእጃችሁ ወደፊት አዙሩ። ሌላው ወደ ኋላ ይዞራል። ፕሮፔለሩ ስለታሰረ ክራውኑም ቆሟል፤ የምታዩት የትናንሾቹን ጥርሶች ሥራ ብቻ ነው።

ሌላም የሚጠቅም ሙከራ አለ። ማርሹን ዜሮ አድርጉና አንድ ሰው አንደኛውን ጎማ አጥብቆ ይያዝላችሁ። እናንተ ሌላኛውን በትክክል ሁለት ዙር አዙሩ፤ ፕሮፔለሩ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። ከአራት ዙር ትንሽ ካለፈ የዲፈረንሻሉ ሬሾ 4.10 ሊሆን ይችላል፤ በእነዚህ መኪኖች ላይ የተለመደ ነው። ያገለገለ ዲፈረንሻል የሚገዛ ሰው ይህን ቆጠራ ቢያውቅ ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል። በተለይ መኪናዋ በአራቱም ጎማ የምትነዳ ከሆነች የፊትና የኋላ ሬሾዎች የግድ አንድ መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ የፊት ጎማዎቹም መንዳት ሲጀምሩ ሁለቱ አክስሎች እርስ በርስ እየተጓተቱ ጥርስ ይሰብራሉ።

አሁን ወደ ዘይቱ። ፒኒየኑ ክራውኑን የሚነካው በክራውኑ መሀል ትይዩ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ነው። ይህ ሃይፖይድ የሚባለው አሠራር በ1920ዎቹ በአሜሪካ የጥርስ መቁረጫ ማሽን ሠሪው ግሊሰን ያሳደገው ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ፒኒየኑ ወፈር ይላል፣ በአንድ ጊዜ የሚናከሱት ጥርሶች ይበዛሉ፣ ድምፅ ይቀንሳል። ዋጋው ግን ጥርሶቹ ሲናከሱ እርስ በርስ በኃይል መንሸራተታቸው ነው። ያ ግፊት ተራ ዘይትን ከመሀላቸው ጨምቆ ያስወጣዋል። ስለዚህ የዲፈረንሻል ዘይት ውስጥ ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም ይጨመራል፤ ሙቀቱና ግፊቱ ሲበረታ ቅመሙ ከብረቱ ገጽ ጋር ተዋሕዶ ስስ መከላከያ ይሠራል። ጣሳው ላይ ጂኤል 5 የሚለው ምልክት ይህንን ነው የሚነግራችሁ፤ ለብዙዎቹ ሃይሉክሶች ውፍረቱ 80ደብሊዩ 90 የሆነው ይስማማል። በተረፈ ብላችሁ ግን ይህን ዘይት ጂኤል 4 ወደሚጠይቅ የማርሽ ሳጥን አትገልብጡት፤ የድኙ ቅመም በውስጡ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላቸው ይችላል።

ያ ድኝ ለዘይቱ የሚያስነጥስ ከባድ ሽታ ይሰጠዋል። ሽታውን አፍንጫችሁ ይያዘው፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

እንግዲህ ዘይት በየት ይወጣል? ፕሮፔለሩ ከሚገባበት ከፊት፣ ፒኒየኑ ዙሪያ ካለው ኦይል ሲል ሊወጣ ይችላል። የጥርሱ ቤት ከአክስሉ ሆድ ጋር ከሚገጥምበት ጓርኒሲዮን፣ ከሁለቱ የጎማ ጫፎች፣ ከመሙያውና ከማፍሰሻው ቡሎንም ሊወጣ ይችላል። ግን ከሁሉ በፊት ማየት ያለባችሁ ዘይት እምብዛም የማይወጣበትን አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ የአክስሉን መተንፈሻ።

የሃይሉክስ የኋላ ዲፈረንሻል የሚይዘው ሁለት ሊትር ከትንሽ በላይ ዘይት ነው። ዘይቱ የታችኛውን ክፍል ብቻ ይሞላል፤ ከላይ ያለው፣ ረጃጅሞቹም የአክስል ቱቦዎች ጭምር፣ አየር ነው። ጠዋት 20 ዲግሪ የነበረው አየር ጭነት ተጭኖ ጥቂት ሲኬድ 80 ዲግሪ ቢደርስ፣ መውጫ ከሌለው ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ያድጋል። ኦይል ሲል ደግሞ ግፊት እንዲይዝ አልተሠራም። በቀጭን ሽቦ ቀለበት ታቅፎ ዘንጉን የሚነካ የላስቲክ ከንፈር ነው፤ ችሎታው የሚረጨውን ዘይት መመለስ ነው። አየሩ ከውስጥ ሲገፋው ከንፈሩ ተነሥቶ ዘይቱን ያሳልፋል። ይህ እንዳይሆን አክስሉ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ክዳን ያላት ትንሽ መተንፈሻ ተተክላለች። በአቧራና በጭቃ ተደፍና የምትገኘውም እሷው ናት።

የሀገራችን መልክዓ ምድር ይህን ነገር እንዴት እንደሚያባብሰው ስታስቡት ደስ ይላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። ድልድዩ አጠገብ ያለው የአየር ግፊት አፋፉ ላይ ካለው ከአንድ አሥረኛ በላይ ይበልጣል። ዳገቱን ስትወጡ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ስለሚጎትት ዲፈረንሻሉ ይግላል፣ የውስጡ አየር ይገፋል። በዚያው ሰዓት የውጭው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ከውጭ የሚመክተው ይቀንሳል። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ያግዛሉ ማለት ነው። መተንፈሻዋ ከተደፈነች ዘይቱ የሚያገኘው መንገድ የኦይል ሲሉ ከንፈር ብቻ ነው። ቆላ ደርሳ የተመለሰች መኪና ደጋ ላይ ስትቆም ብታፈስ እንግዲህ ምክንያቱን ታውቃላችሁ።

ጥገናው ቀላል ነው። መተንፈሻዋን ዙሪያውን በብሩሽ ጠርጋችሁ ፍቱ፣ በናፍጣ እጠቡ፣ በአየር አስነፉ፤ ክዳኗ ከፍ ዝቅ ካላለች አዲስ ግዙ። የሚቻል ከሆነ በቦታዋ የቱቦ መያዣ ግጠሙና ዘይት የሚችል የጎማ ቱቦ አያይዛችሁ ወደ ላይ፣ የጭነት ሳጥኑ ሥር ከፍ ወዳለ ቦታ ውሰዱት። አክስሉ ስለሚነሣና ስለሚወርድ ቱቦው ላላ ያለ ይሁን። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ በአሮጌ ፒክ አፕ ላይ ከሚደረጉ ሥራዎች ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ የሚያተርፈው ይህ ነው።

መተንፈሻዋ ንጹሕ ሆና አሁንም የሚያፈስ ከሆነ መነሻውን እንፈልግ። አክስሉን በደንብ እጠቡት፣ ይድረቅ፣ ጥቂት ንዱና ተመልሳችሁ ከሥር እዩ። የመንገድ ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ፣ ክብደቱ ደግሞ ወደ ታች ይወስደዋል፤ ስለዚህ ከሁሉ ፊትና ከሁሉ ላይ ያለውን እርጥብ ቦታ ፈልጉ። ከፒኒየኑ በላይ በመኪናዋ ወለል ላይ የዘይት ርጭት መስመር ካያችሁ ጥፋቱ የፒኒየኑ ኦይል ሲል ነው። የጎማው የውስጥ ጎን ረጥቦ ካገኛችሁት ደግሞ አሽትቱት። የድኝ ሽታ ካለውና ከወፈረ ከአክስሉ ነው። ቀጠን ብሎ ሽታው ከቀለለ፣ በውሃም ከታጠበ፣ የፍሬን ዘይት ነው፤ ሞተሩ ጋ ያለውን የፍሬን ዘይት ዕቃ ስታዩት ጎድሎ ታገኙታላችሁ፣ ያኔ መኪናዋ ሳትጠገን አትነዳ።

የፒኒየኑን ኦይል ሲል መቀየር ከውጭ ሲታይ የአንድ ዳዶ ጉዳይ ይመስላል። ዳዶው ግን ሁለት ሥራ አለው። ፕሮፔለሩ የሚታሰርበትን ቁራጭ ይይዛል፤ በዚያውም ፒኒየኑን የተሸከሙትን ሁለት ኩሽኔታዎች በልክ ያጠብቃል። በብዙዎቹ ሃይሉክሶች በኩሽኔታዎቹ መካከል ዳዶው ሲጠብቅ ሆን ተብሎ የሚኮማተር የብረት ቱቦ አለ። ይህ ቱቦ አንዴ ከልክ በላይ ከተኮማተረ ወደነበረበት አይመለስም። ዳዶውን በረጅም መፍቻ እንደ ልቡ የሚያጠብቅ ሰው ኩሽኔታዎቹን ያፍናቸዋል፤ ይግላሉ፣ ይጮሃሉ፣ በአጭር ጊዜ ያልቃሉ። ልቅ ካደረገውም ፒኒየኑ ይወዛወዛል፣ አዲሱ ኦይል ሲል ወዲያው ማፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት የዳዶውን፣ የዘንጉንና የፕሮፔለሩን አቀማመጥ በምልክት ያዙ፣ ፒኒየኑ በእጅ ሲዞር ምን ያህል እንደሚከብድ ለኩ። ስትመልሱት ጥቂት በጥቂት እያጠበቃችሁ፣ እያዞራችሁ፣ የቀድሞው ክብደት ላይ ስትደርሱ ቁሙ። መለኪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ከሆነ በኒውተን ሜትር ይለካዋል፤ እንዲህ ዓይነቱን ባለሙያ አጥብቃችሁ ያዙት።

ሌላው የተደበቀ ምክንያት ዘንጉ ነው። ላስቲክ ብረትን ይበላል ብትባሉ ታምናላችሁ? አቧራ ከንፈሩ ላይ ተጣብቆ ለዓመታት ሲያሽ ከንፈሩ የሚነካው ብረት ላይ ቦይ ይቆፍራል። ጥፍራችሁን በብረቱ ላይ ስታስኬዱት ከያዘው አዲስ ኦይል ሲል ብቻውን አያድናችሁም። በላዩ የሚለበስ ቀጭን የብረት ቀለበት ከተገኘ ይለበስ፤ ካልተገኘ ኦይል ሲሉን ከቀድሞው ቦታ በጥቂቱ ፈቀቅ አድርጎ መግጠም ይቻላል፣ ከንፈሩ ያልተበላ ብረት ላይ እንዲያርፍ። ቁራጩ ክፉኛ ከተበላ ግን መቀየር ነው። ስትገጥሙ ከንፈሩን ዘይት ወይም ግሪስ ቀቡት፤ ደረቅ ከንፈር በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይቃጠላል።

በጎማው ጫፍ በኩል የሚያፈሰው ደግሞ ከሁሉ አደገኛው ነው፤ ዘይቱ የሚፈሰው ፍሬን ላይ ነዋ! ኋላዋን አንስታችሁ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ አነቃንቁት። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታው ሲያልቅ አክስሉ እየዋለለ ይዞራል፣ ከንፈሩም ሊከተለው አይችልም። ኦይል ሲል ብቻ ቀይሮ መመለስ ገንዘብ መጣል ነው። ሃይሉክስ ላይ ታምቡሩ ወጥቶ፣ የፍሬኑ ቱቦና የእጅ ፍሬኑ ገመድ ተለቆ፣ ሳህኑን የያዙት አራት ዳዶዎች ሲፈቱ አክስሉ ከነኩሽኔታው ይወጣል። ኩሽኔታው ዘንጉ ላይ በኃይል የገባ ስለሆነ ፕሬስ ያለው ጋራዥ ያውጣው፤ በመዶሻ አታስቀጥቅጡት። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራም በቤንዚን አጥቦ መመለስ የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሸራው ዘይቱን ወደ ውስጥ መጥጦታል፤ ሲግል መልሶ ያወጣዋል፣ መኪናዋም ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች። የሁለቱም ጎን ሸራ ይቀየር።

የጓርኒሲዮኑ ነገር አጭር ነው። ገጾቹ ከአሮጌ ጓርኒሲዮንና ከዘይት ፍጹም ይጥሩ፣ ሲሊኮን ከተቀባም ስስ ይሁን። ተርፎ ወደ ውስጥ የሚገባው ሲሊኮን ተቀርፎ ዘይቱ ውስጥ ይዋኛል።

ዘይት ስትቀይሩ አንድ ቅደም ተከተል አትርሱ። መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ። ለሃይሉክስ የ24 መፍቻ ይበቃል። ለዓመታት ስላልተነካ አልፈታም ሊል ይችላል፤ ማፍሰሻውን ቀድማችሁ ከከፈታችሁ ዘይት የሌላትና ዘይት የማትቀበል መኪና ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ጥቂት ተነድታ ሞቅ ስትል ይፈስሳል። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ካለው የያዘውን በጣታችሁ እሹት። ግራጫ፣ ለስላሳ ልቁጥ የተለመደ ድካም ነው። ጥፍር የሚይዘው ስብርባሪ ከሆነ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተሰበረ ነው፣ ይከፈት። ከዚያ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ እንዳለች፣ አዲሱ ዘይት በመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ላይ ደርሶ ፈሰስ ሊል ሲል ይበቃል። ከዚያ በላይ መሙላት ራሱ ማፍሰስ ያመጣል። በተለመደ አጠቃቀም በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ጭነትና አቧራ ከበዛ በግማሹ መቀየር ጥሩ ልማድ ነው።

ክረምት ላይ ወንዝ የምታሻግሩ ከሆነ ግን ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ። የጋለ አክስል ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ የውስጡ አየር ይኮማተርና ከውጭ ይስባል፤ የሚስበው ደግሞ ውሃውን ነው፣ በመተንፈሻው ወይም በደከመ ኦይል ሲል በኩል። ወደ ላይ የተወሰደው ቱቦ እዚህም ይክሳል። ከተሻገራችሁ በኋላ የመሙያውን ቡሎን ከፍታችሁ በጣታችሁ ጥቂት ዘይት አውጡ። ወተት የነካው ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷልና ሳይውል ሳያድር ይቀየር፤ ውሃ የገባበት ዘይት ኩሽኔታውን ያዝጋል፣ ጥርሱንም አይሸፍንም።

አሜሪካ ውስጥ በእጃቸው አሮጌ ፒክ አፕ ማደስ ለሚወዱም ይህ ሁሉ ይሠራል፤ የአሠራር ልዩነት ግን አለ። ፎርድ ከ1957 እስከ 1986 የሠራው፣ ክራውኑ ዘጠኝ ኢንች የሆነው ዝነኛ አክስል ልክ እንደ ሃይሉክስ የጥርሱ ቤት ከፊት በኩል በሙሉ ይወጣል። የዚያ ዘመን ብዙ የሼቭሮሌት ፒክ አፖች ግን ከኋላ የቆርቆሮ ክዳን አላቸው። የክዳኑ ቡሎኖች ከመጠን በላይ ከጠበቁ ቆርቆሮው በየቀዳዳው ዙሪያ ይጎብጥና ራሱ ማፍሰሻ ይሆናል፤ እንጨት ላይ አስተኝቶ ማቅናት ይቻላል። አክስሉ በውስጥ በኩል በትንሽ ግማሽ ቀለበት የተያዘባቸው ላይ ደግሞ የጎማውን ጫፍ ኦይል ሲል ለመቀየር ከኋላ ክዳኑን መክፈት የግድ ነው።

ድምፅ ከመጣ ነገሩ ከማፍሰስ አልፏል። ነዳጅ ስትሰጡ ብቻ ወይም ስትለቁ ብቻ የሚያፏጭ ድምፅ ወደ ክራውንና ፒኒየን ያመለክታል፤ ስትታጠፉ የሚለዋወጥ ጉርምርምታ ወደ ጎማ ኩሽኔታ። ክራውንና ፒኒየንን ማስተካከል የቤት ሥራ አይደለም። በጥርሶቹ መካከል የሚተወው ክፍተት ለሃይሉክስ ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካውም ባለመርፌ መለኪያ ተተክሎ ነው። ሥራውን የሚሠራላችሁን ባለሙያ አንድ ነገር ለምኑት፤ ከመዝጋቱ በፊት ጥርሶቹን ቀለም ቀብቶ አዙሮ የንክኪውን አሻራ ያሳያችሁ። አሻራው የጥርሱ መካከል ላይ ካረፈ ይዝጋው። ወደ ጫፍ፣ ወደ ሥር ወይም ወደ ዳር ካመለጠ ስፔሰሩን ቀይሮ እንደገና ይሞክር፤ ጊዜ ስለፈጀበት አትቸኩሉበት።